የስለቴ ሁዳዴ

የካቲት 16 ቀን 2017፣ እሑድ፣ የቅበላ ማታ

ደሴ ያለው ሐኪም «ጻፊው» ብሎኝ ነበር። «የት እንዳመመሽ፣ እንዴት እንዳደርሽ፣ ምን እንደበላሽ በየቀኑ ጫር ጫር አድርጊ፤ ስትመለሺ የቱ ሕመም የየትኛው በሽታ እንደሆነ አብረን እንለያለን» አለኝ። ደብተሩን ከገዛሁት ቆየሁ፤ እስከ ዛሬ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩበትም። ነገ ሁዳዴ ይገባል። ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላገኝም።

ዶክተር፣ ረስተውኝ ከሆነ ሰርካለም ነኝ። ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ እንግዳው ከጠፋ ቆይቷል፣ ተቀባይዋ ግን አለሁ። ትከሻዬን፣ አንገቴን፣ ወገቤን፣ ዳሌዬን ያመኛል፤ አንዳንድ ቀን የለበስኩት ቀሚስ ራሱ ያመኛል። ስንት ዓመት «ምንም የለብሽም» ስባል ኖሬ በመጨረሻ እርስዎ ስም አወጡለት፤ ፋይብሮማያልጂያ። ስሙን ለመጥራት ደህና መንጋጋ ይፈልጋል፣ እኔን ደግሞ መንጋጋዬንም ያመኛል። ቤት ውስጥ «ፋይብሮ» ብለን አሳጠርነው።

ይህ በሽታ ብቻውን መምጣት አይወድም ብለውኛል። ራስ ምታቱ፣ የአንጀቴ መነፋት፣ ስተኛ እግሬ አላርፍ ማለቱ፣ ተኝቼ እንዳልተኛ ሰው ደክሞኝ መንቃቴ፣ ያለምክንያት ሆዴ የሚባባው ብዙ ጊዜ አብረውት የሚገኙ ናቸው። ሠርገኛ ነው እንግዲህ፤ ሚዜውን አስከትሎ ነው የመጣው። ከሁሉም ግን ታይሮይድ የሚሉት ዕጢ ሥራውን መቀነሱ ለብቻው መድኃኒት አለው፤ ትንሽ ነጭ ኪኒን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ፣ ከምግብም ከቡናም አንድ ሰዓት ቀድሞ። ልጅ አጥተን ስድስት ዓመት ሆነን ስንልዎት ያችን ኪኒን አሳዩንና «መንገዱ በዚች በኩል ነው፤ እንዳታቋርጪ። ካረገዝሽ ደግሞ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ መጠኑ ይጨመራል» አሉኝ። ባሌ ደሳለ ቃልዎን እንደ ወንጌል ቆሞ ነው የሰማው።

አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ለገና ቤተ ማርያም ደጅ ላይ ተስያለሁ። ይህን ሁዳዴ አንድ ቀን ሳላጎድል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ ሳልቀምስ እጾማለሁ፣ አንቺ ደግሞ ልጅ አሰጪኝ ብያለሁ። ኪኒኗ በውሃ ነው የምትወርደው። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እውጣታለሁ። ያው በቀን አንድ ነው፤ ሆድ ሰዓት አያይም።

የንስሐ አባቴን መምሬ ሰይፈ ሥላሴን መጠየቅ ነበረብኝ። ከጠየቅኋቸው ግን «አንች ሕመምተኛ ነሽ» ብለው ይፈቱኛል። ከተፈታሁ ምኑን ስለት ሆነ?

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ትከሻ። አንገት። ራሴን ከቀትር ጀምሮ ወጋኝ።

ፈረቃዬ ስምንት ሰዓት ላይ ያልቃል። ቤት ገብቼ ዘጠኝ ሲል ኪኒኗን በውሃ ዋጥኩና፣ እንደታዘዝኩት አንድ ሰዓት ልታገሥ ብዬ ተቀመጥኩ። አማቴ እማማ ወለተ ሐና ገበታውን አቅርበው ይጠብቁኛል። እሳቸውም እኮ ከሌሊት ጀምሮ አልቀመሱም።

«ምን ትጠብቂያለሽ አንች? እኔ ባሮጊት አንጀቴ ልጠብቅሽ?»

በላሁ። ነገ ከሽሮው ጋር አብሬ እውጣታለሁ፤ ለሁላችንም ይቀላል።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ሆቴሉ ጭር ብሏል። አንድ እንግዳ ነበር፣ እሱም ጠዋት ወጣ። ክፍል የምታዘጋጀው ነጅሚያ አንሶላውን አጥባ ስትጨርስ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ረመዳን ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሁለታችንም ከንፈራችን ደርቆ ተያይተን ሳቅን። «እኛ ሁለት ጿሚዎች ይሄን ሆቴል ባንጠብቀው እንዴት ይሆን ነበር?» አለች።

እሷ ደም ግፊት አለባት። ኪኒኗን እንዴት እንደምታደርግ ጠየቅኳት።

«ሱሑር ላይ ነዋ የምውጠው። ሐኪሙን ጠይቄው ሰዓቱን አስተካክሎልኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ያንችስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

«ሐኪምሽ እንደዛ አለሽ?»

«አዎ» አልኳት።

ዋሸሁ ማለት አይደለም፤ ወሬውን አሳጠርኩት። እነሱ ሌሊት ተነሥተው ይበላሉ፣ የኛ ሌላ ነው። ደግሞ የኔ ጉዳይ ከእመቤቴ ጋር ነው እንጂ ከሐኪም ጋር አይደለም።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

በጣም ደክሞኛል። ከአልጋ ስነሣ ሰውነቴ የተወቀጠ ይመስለኛል። ፀሐይ ላይ ተቀምጬም ይበርደኛል። የወር አበባዬ ዘግይቷል፤ ታይሮይዱ ነው፣ ድሮም ያዛባብኝ ነበር። ለሐኪሙ እዚህ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ።

ጓሮ ልብስ ሳሰጣ አማቴ ከጎረቤታችን ጋር ከግንቡ ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሲያይዋት ደህና፣ ሲነኳት በሽተኛ። እኔማ ምን እንደምላት ግራ ገባኝ። ቁስል የላት፣ ትኩሳት የላት…»

«ልጅ ቢኖራት ሕመሙ ይተዋት ነበር» አለች ጎረቤቲቱ።

«እሱንስ ማን አየው ብለሽ» አሉ እማማ።

ልብሱን አስጥቼ ጨረስኩ። ማታ እማማ እራሳቸው ጨው አሙቀው በጨርቅ ቋጥረው ትከሻዬን ሲተኩሱልኝ አመሹ። እጃቸው መልካም ነው። ሰው ለካ ሳያምንሽም ሊያስታምምሽ ይችላል። ልጠላቸው ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

መጋቢት 7፣ እሑድ፣ መፃጉዕ

ዛሬ የዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የኖረው በሽተኛ ቀን ነው። ስብከቱ ላይ ሰባኪው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ትዕግሥቱ ተናገሩ። እኔ ደግሞ የማስበው ሌላ ነው። ያ ሰውዬ ሁሉም የሚያየው አልጋ ነበረው። የኔ ዓይነቱ ቆሞ የሚሄደው ቢሆን ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር? ቅዳሴ ላይ ይህን በማሰቤ በራሴ ተናደድኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ ልቤ ዘለለች። ሌላው ከቅዳሴ መልስ ሲበላ እኔ ለስለቴ ጠበቅሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሱፍ ፍትፍት ቀረበልኝና ሽታው አንገሸገሸኝ። አንጀቴ ነው፤ ፋይብሮው ሲነሣ አንጀቴም ይከተለዋል። ሁለት ጉርሻ በልቼ ከኪኒኗ ጋር አወረድኩት።

ለቦኖው ውሃ ጀሪካን ሳነሣ ደሳለ ከእጄ ወሰደብኝ። «ከእንግዲህ ይሄን እንዳትነኪው» አለኝ። ወገቤን አስቦ ነው። ድሮ ግን ወገቤን እያወቀ አንድ ላይ ነበር የምንሸከመው።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ደሳለ ከብልባላ ገበያ ገባ። አስጎብኚ ነበር፤ ፈረንጁ ከቀረ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን እየሄደ እህል ይሸምታል፣ ይሸጣል። እንግሊዝኛው እዚያ ለአህያ ብቻ ነው የሚጠቅመኝ እያለ ይቀልዳል። ዛሬ ከእህሉ ሌላ አራት ብርቱካን ይዞልኝ መጣ። ብርቱካን እዚህ በዚህ ሰሞን! ከየት እንዳመጣው ቢጠየቅም አይናገርም።

አንድ አጎዛም ይዞ መጥቷል። ነጭ፣ ለስላሳ፣ የጠቦት ነው። «ለዳሌሽ ይሆናል፤ ሥርሽ አንጥፊው» አለኝ። በጣም ትንሽ ናት፣ የዳሌዬን ግማሽ እንኳ አትችልም። ወንድ ልጅ ዕቃ ሲገዛ መቼም ልኬት አያውቅም። እንዳይከፋው ብዬ «እንዴት ደስ ትላለች» አልኩት። አጣጥፎ ራሱ ሳጥን ውስጥ አስቀመጣት።

ዛሬ እግሬ አላርፍ ብሏል፤ ተኝቼ እየሄድኩ ነው የማድረው። እሱም አልተኛም። በጨለማ «ጾሙ አልከበደሽም ወይ?» አለኝ። «ምን ይከብደኛል» አልኩት። «እስኪ መምሬን አንጠይቃቸው?» አለ። «ስለቴ ነው፣ ተወኝ» አልኩት። ተወኝ። ደሳለ እሺ ሲል እሺ ነው፤ አንዳንዴ እምቢ ቢል ምናለ እላለሁ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ነጅሚያ ዛሬ ፊት ለፊቴ ቆማ ወገቧን ይዛ አየችኝ።

«አንች ልጅ፣ ቀንሽ የመጣው መቼ ነው?»

«ታይሮይዱ ያዛባዋል አልኩሽ እኮ።»

«ምግብ ሲሸትሽ የሚያቅለሸልሽሽስ?»

«አንጀቴ ነው።»

«እንቅልፉስ?»

«ፋይብሮው።»

«ወላሂ ይሄ ፋይብሮ የሚሉት ሁሉን ጠቅልሎ ነው የያዘው! አንድ ነገር ለሌላ አላስቀረም። በይ ተነሽ፣ መድኃኒት ቤት ሄጄ መመርመሪያውን አመጣልሻለሁ፤ አንች ከገዛሽው ከተማው ሁሉ ይሰማል።»

አብሽሪ፣ አብሽሪ እያለችኝ ሄደች። እምቢ አላልኳትም።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ሁለት መስመር።

ሁለት መስመር ናት፣ አንዷ ደመቅ፣ አንዷ ደብዘዝ ያለች። ባዶ ክፍል ገብቼ በሩን ቆልፌ ነው ያየሁት። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩና አፌን በሻሽ ይዤ አለቀስኩ። ስድስት ዓመት! የቅበላ ሰሞን መሆኑ ነው፤ ጾሙ ሳይገባ ነው እመቤቴ የሰማችኝ። ገና አፌን ከፍቼ ሳልጾምላት ሰማችኝ።

ነጅሚያ አቅፋ ልትሰብረኝ ነበር። ሕመሙም ዛሬ ሕመም አልመሰለኝም።

በዚያው ዕለት ማታ

ሐኪሙ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ ብሎ ነበር። አውቃለሁ። ብሄድ የሚሉኝንም አውቃለሁ፤ መጠኑን ጨምረው ጠዋት በባዶ ሆድ ዋጪ ይሉኛል። እና ምን ልመልስላቸው? እመቤቴ የድርሻዋን ሰጥታኝ እኔ የኔን ከመሃሉ ልበጥሰው? የሰጠችኝን ብትወስድብኝስ? ሁዳዴው ከግማሹ አልፏል። ፋሲካ ሲነጋ በጠዋቱ እውጣታለሁ፣ በማግስቱም ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ።

ለደሳለም ያኔ እነግረዋለሁ። አሁን ከነገርኩት «መምሬ ጋ እንሂድ» ይላል። ደግሞ ገና ሳይጠና ወሬው ከወጣ ሰው ዓይኑን ይጥልብናል። ዝም አይነቅዝም።

ፋሲካ ዕለት ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ ነው የምተኛው። ደስ ብሎኛል። እዚህ ልጻፈው፣ ሐኪሙም ያንብበው፤ ደስ ብሎኛል።

መጋቢት 21፣ እሑድ፣ ገብርኄር

ዛሬ የነጅሚያ ዒድ ነው። ከሰዓት በኋላ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ እስከ ቤታችን መጣች፤ እማማን ጉልበታቸውን ስማ፣ እማማም መርቀዋት ተጫወቱ። ስትወጣ በር ላይ ያዘችኝ።

«ጤና ጣቢያ ሄድሽ?»

«ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ።»

«ሰርኬ፣ በእኛ ሃይማኖት እርጉዝና በሽተኛ ይፈቀድለታል። የናንተ ፈጣሪ ከኛው የተለየ ነው እንዴ?»

ተቆጣኋት። በዒዷ ቀን ተቆጣኋት! «የማታውቂውን ነገር አትናገሪ» አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ጠዋት በመስታወት ሳየው ፊቴ አብጧል። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ይበርደኛል። ድምፄ ጎርንኗል፤ ስልክ ያነሣሁለት ሰውዬ «ወንድሜ» አለኝ። ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ ያለምክንያት አለቀስኩ።

እነዚህን ሁሉ ፋይብሮው ላይ ስለጥፍ ቆየሁ። ሐኪሙ ታይሮይዱ ሲወርድ እንዲህ እንዲህ ትሆኛለሽ ብሎ ከነገረኝ ጋር አንድ በአንድ ይገጥማሉ። አየሁት። አይቼም ደብተሩን ዘጋሁት። አሁን ነው እንደገና የከፈትኩት።

ደሳለ «ደሴ እንደውል» ብሎ ሞከረ፤ ከቀትር ወዲህ ኔትወርክ የለም። የደሴው መንገድም ከተዘጋ ሳምንቱ ነው፣ መኪና አይወጣም አይገባም። ስልኩን አስቀምጦ ጠየቀኝ።

«ኪኒንሽን እየዋጥሽ ነው?»

«አዎ።»

«በጠዋቱ?»

«አዎ አልኩህ እኮ!»

ፊቴን አይቶ ሌላ አልጠየቀኝም። ይህኛውን አሳጠርኩት ማለት አልችልም። ይህኛው ውሸት ነው።

የቀረው ጥቂት ነው። ጥቂት ቀን ምን ያደርጋል?

መጋቢት 29፣ ሰኞ

ወገቤን። ከሥር በኩል። እንደ ሁልጊዜው አይደለም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ፋይብሮው ነው። ዝናቡ ሊመጣ ሲል እንዲህ ያደርገኛል። በልጉ ደመናውን ሰብስቦ ቆሟል፣ አይዘንብም።

ፋይብሮው ነው።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ሥራ ገባሁ። ነጅሚያን ይቅርታ ጠየቅኋት፣ «የምን ይቅርታ ነው» አለችኝ።

ደም። ጥቂት ናት። ጠቆር ያለች።

ተኛሁ። እግሬን ትራስ ላይ ሰቀልኩ። አማቴ «ምነው?» አሉኝ። «ያው ነው» አልኳቸው።

እመቤቴ። እመቤቴ። እመቤቴ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ትናንት ሆነ። ደሳለ ብልባላ ነበር።

መጻፍ አልፈለግሁም፣ ግን ሌላ ማንን ላናግር?

ሥራ ላይ እያለሁ ጀመረኝ። ነጅሚያ ደግፋ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፤ ባጃጅ ስላጣን አብዛኛውን በእግር ሄድን። ሁሉም ነገር እዚያ ከመድረሳችን በፊት አልቋል። ነርሱ ሰውአገኝ የሚባል የሰከነ ሰው ነው። የሚደረገውን ሁሉ አደረገልኝ፤ ሲጨርስ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ይሄ በብዙ ሴቶች ላይ ይደርሳል፤ ምክንያቱ የማይታወቅበት ጊዜ ይበዛል። በራስሽ ላይ አትፍረጂ» አለኝ። ከዚያ የምወስደው መድኃኒት ካለ ጠየቀኝ።

ነገርኩት። ከሌላው ሁሉ ደብቄው ለማላውቀው ሰው ነገርኩት።

«ከምግብ ጋር?» አለኝ።

«ከሽሮ ጋር።»

«ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ?»

«አዎ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «በእርግጥ ይሄ ነው ማለት አልችልም። ሆርሞንሽ ምን ያህል እንደወረደ የምንለካበት የለንም፤ ናሙናው ወልዲያ መሄድ አለበት፣ መንገዱን እያየሽው ነው። እንደሚጎዳ ግን እናውቃለን።» እስክሪብቶውን እንደገና አነሣ። «ማታስ? ማታ፣ ከራት በኋላ ቆይተሽ ስትተኚ ብትውጪውም ይሆን ነበር እኮ። ጾሙም አይነካም። ብትጠይቂን ኖሮ…» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

ማታ ስተኛ። ይኸው ነው ነገሩ። ውሃው ራስጌዬ ነበር፣ ኪኒኗ ራስጌዬ ነበረች፣ እኔም እንቅልፍ አጥቼ እዚያው ነበርኩ።

ነጅሚያ እስከ ቤት አደረሰችኝ። መንገድ ላይ አንድም ቃል አልወጣትም። ነግሬሽ ነበር ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ለእማማ የወር አበባዬ በርትቶ ነው አልኳቸው። ጨው አሙቀው አመጡልኝ። ትከሻዬ ላይ ሲያስቀምጡት እዚያ አይደለም ልላቸው ፈልጌ ነበር።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ደሳለ ገባ። እኔ ተኝቻለሁ። ከአልጋው ሥር የሸሸግሁትን አንሶላ አገኘው። ይዞት ወደ ጓሮ ወጣ፤ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ፣ ለረጅም ጊዜ። የዚህ አገር ወንድ አንሶላ ሲያጥብ እናቱ አይተው «ምን ጉድ ነው?» አሉት። «ተይኝ እማዬ» አላቸው። ለናቱ እንዲያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

የወር አበባ ነው ብሎ አስቦ ይሆናል። ልነግረው ይገባል። ምን ብዬ ልጀምረው? «ነበረን» ብዬ? እንዳለን እንኳ አልነገርኩትም።

ሚያዝያ 5፣ ሆሣዕና

ደም ስላለብኝ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም። ከላይ፣ ከዐለቱ ጠርዝ ራቅ ብዬ ቆሜ ዝማሬውን ከሥር ሰማሁት። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከጎኔ ቆማ ነበር፤ ቦታ ለወጥኩ።

እማማ ሲመለሱ ዘንባባውን ፈትለው በጣቴ ላይ ቀለበት አሰሩልኝ። ሲያስሩልኝ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፣ እየለመኑልኝ ነው። ምን እንደሚለምኑልኝ አውቃለሁ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ፣ ሕማማት

መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ጋ ሄድኩ። ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ሰው ላኩባቸው፤ እሳቸው በትራቸውን ተደግፈው ወጡልኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ትንሽ ፈንጠር ብዬ። ልናዘዝ መምጣቴን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በዚህ ሳምንት ፍትሐት የለም ልጀ። መስቀልም አላሳልምሽ። ከትንሣኤ በኋላ ነይ።»

«እስከዚያ አልችልም አባቴ። ይስሙኝ ብቻ።»

ሰሙኝ። ስለቱን፣ ኪኒኗን፣ ሁለቷን መስመር፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስናገር አላቋረጡኝም። ስጨርስም አልተቆጡኝም፤ እሱ ነው የጎዳኝ።

«መድኃኒት መዋጥ አትችይም ያለሽ ማነው?»

«ማንም የለም።»

«እኔ ብያለሁ?»

«አላሉም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ይፈቱኛል ብዬ።»

አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ልጀዋ፣ እፈታሽ ነበር። ለዚሁ አይደል እኔ የተቀመጥኩት? እመቤታችን ካንች የፈለገችው ውሃ መጠማትሽን ነው እንዴ? ስድስት ዓመት ከኔ ጋር ስትለምኚ ኖረሽ፣ የመጣ ለት እንኳ አባቴ ይስሙኝ ሳትይኝ!»

እንዲህ ብለው በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። እጃቸውን ልስም ብል፣ ሰሙኑ ነውና አልፈቀዱልኝም። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። እኔ መድኃኒቱንም ሸሸግሁት። ከሐኪሙ፣ ከቄሱ፣ ከባሌ። ሁሉም ሊረዱኝ ተዘጋጅተው ተቀምጠው ነበር።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

መስገድ አልቻልኩም፤ ሰውነቴ ሁሉ ታምሟል፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ መንጋጋ፣ ራስ። ያ የቆየው ሕመሜ ነው። ወዳጅ ይመስል ተመልሶ መጣ።

ደሳለ ከማለዳ እስከ ማታ ሲሰግድ ዋለ። ሲገባ ግንባሩ ላይ አፈር አለ፣ ጉልበቱ ተልጧል። ሰው ስንት ኃጢአት ቢኖረው እንዲህ ይሰግዳል? ውሃ አሙቄ እግሩን አጠብኩት።

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ኪኒኗን ማታ ስተኛ እውጣለሁ። እያየኝ ነው የምውጣት። ትናንት ብርጭቆውን እሱ አቀበለኝ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ሌሊት ከቅዳሴ ሲመለሱ እማማ ዶሮውን አቀረቡ። ጎረቤቶቻችንም ገቡ። ቤቱ ሞቅ አለ፣ ሳቅ ሆነ። እማማ ከመቁረሳቸው በፊት ተነሥተው ቆሙ፤ ሁላችንም ተነሣን። አገሩን ሰላም ያድርግልን አሉ፣ መንገዱን ይክፈትልን አሉ፣ በልጉን ያዝንብልን አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ።

«የዛሬ ዓመት፣ በዚች ቀን፣ በዚህ ቤት የሕፃን ድምፅ ያሰማን።»

«አሜን!» አለ ቤቱ ሁሉ። እኔም አልኩ። እንዲያውም ጮክ ብዬ አልኩ፣ ማንም ምንም እንዳይጠረጥር።

ደሳለ አሜን አላለም። እናቱ ጉርሻ ዘርግተውለት ሳይቀበል በሩን ከፍቶ ወጣ።

ተከተልኩት። ጓሮ፣ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ቆሟል። ገና አልነጋም፣ የከተማው ዶሮዎች ይጮኻሉ። ዛሬ ልነግረው ቃል የገባሁበት ቀን ነው። «ደሳለ» አልኩት፤ «አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ቀንሽ ሲቀር ቆጥሬ ነበር፤ ያችንም አጎዛ ለሱ ነበር የገዛኋት።»

ዞር አላለም። እጁን ግንቡ ላይ ዘርግቶ ቆየ።

«ስም አውጥቼለት ነበር» አለኝ።

ማን ብለህ ነበር ብዬ ልጠይቀው አልቻልኩም። እሱም አልነገረኝም። ከውስጥ እማማ ምግቡ ቀዘቀዘ እያሉ ሲጠሩን ገብተን በላን።